ዝም ያለውም ተናግሯል፦ በብሪጅ ጨረታ የተደበቀ ካርታን ስለማግኘት



በብሪጅ ጨዋታ መካከለኛውን ተጫዋች ከጎበዙ የሚለየው አንድ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ የማወራውም ስለዚያ ልማድ ነው። ካርታ መቁጠር አይደለም፤ መቁጠርማ ሁሉም ይሞክረዋል። ባላጋራዎች በጨረታው ወቅት የተናገሩትን፣ ከዚያም በላይ ሳይናገሩ ያለፉትን፣ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ይዞ መቆየት ነው። ብዙ ሰው ጨረታው ሲያልቅ እፎይ ይላል። "በሉ እንግዲህ፣ ውሉ 4 ስፔድ ነው፣ እንጫወት" ብሎ ያለፈውን ሁሉ ይረሳል። የጎደለችውን ንግሥት ማን እንደያዛት የሚነግረው ማስረጃ ግን እዚያው የረሳው ጨረታ ውስጥ ነበረ።

ሌላ የካርታ ጨዋታ እንጂ ብሪጅን የማታውቁ እንዳላችሁ አያለሁና ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ብሪጅ አራት ሰው በ52 ካርታ የሚጫወተው ነው፤ ለያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። ፊት ለፊት የተቀመጡት አጋሮች ናቸው፤ ስማቸውም በአቅጣጫ ነው፦ ሰሜንና ደቡብ ባንድ ወገን፣ ምሥራቅና ምዕራብ በሌላው። መጀመሪያ ጨረታ ይካሄዳል። እያንዳንዱ በተራው "ይህ ዓይነት ትራምፕ ሆኖ ይህን ያህል ዙር እናሸንፋለን" ብሎ ይጫረታል (ትራምፕ ሌሎቹን ዓይነቶች ሁሉ የሚያሸንፈው ዓይነት ነው)፤ ካልሆነለት "ፓስ" ብሎ ያልፋል። ጨረታው የረጋለት ወገን ውል ገባ ማለት ነው። 4 ስፔድ ካለ ስፔድን ትራምፕ አድርጎ ከ13ቱ ዙር 10ሩን ማሸነፍ አለበት። ውሉን የሚጫወተውን ሰው ባለውል እንበለው። በግራው ያለው ባላጋራ የመጀመሪያውን ካርታ እንደጣለ የባለውሉ አጋር ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከጨዋታው ይወጣል፤ የተዘረጋው እጅ ዳሚ ይባላል። ስለዚህ ባለውሉ 26 ካርታ እያየ ይጫወታል። የቀሩት 26ቱ በሁለት ሰው እጅ ተከፋፍለው ተደብቀውበታል።

በዊስት ዘመን፣ ማለትም ብሪጅ ከመወለዱ በፊት፣ ባለካርታው የተደበቀውን የሚያውቀው ከሚጣለው ካርታ ብቻ ነበር። ዊስት ጨረታ የለውም፤ ትራምፑን የሚወስነው አዳዩ መጨረሻ ላይ የሚገልጠው ካርታ ነው። ጨረታ በኋላ መጣ፤ የተሟላ ቅርጹን ያገኘው ደግሞ አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት እ.ኤ.አ. በ1925 በፓናማ ቦይ በኩል በሚጓዝ መርከብ ላይ ሆኖ አዲሱን የነጥብ አያያዝ ሲያወጣ ነው። የእሱ ደንብ ቀላል ይመስላል፦ ወደ ጌም፣ ማለትም ጉርሻ ወደሚያስገኘው ግብ፣ የሚቆጠርልህ ቀድመህ በጨረታ የጠራኸው ዙር ብቻ ነው፤ ሳትጠራው ያሸነፍከው ትርፍ ለዚያ አይሆንም። ውጤቱ ግን ትልቅ ነበር። ሁለት አጋሮች ያላቸውን አቅም በትክክል ካልተነጋገሩ ይከስራሉ፤ ስለዚህ መነጋገር ግድ ሆነባቸው። የሚነጋገሩት ደግሞ ባላጋራ እየሰማ ነው፤ በሹክሹክታ የሚባል ነገር የለም። ብሪጅን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ አጋርህን ለመርዳት የምትናገረው ቃል ሁሉ ባላጋራህንም ይረዳዋል።

የሚነጋገሩበት መለኪያ በሚልተን ወርክ ስም የሚታወቀው ቆጠራ ነው፦ አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1። በካርታው ሁሉ ያለው ድምር 40 ነው። ይህችን 40 ያዙልኝ፤ የዛሬው ነገር ግማሹ ከ40 መቀነስ ነው። እንደ ልማዱ አንድ ሰው ጨረታውን በ1 ደረጃ ለመክፈት 12 ወይም 13 ነጥብ ያስፈልገዋል። 1 ያለ ትራምፕ ብሎ የከፈተ፣ በአሜሪካኖቹ አያያዝ፣ ከ15 እስከ 17 አለኝ ማለቱ ነው፤ በእንግሊዞቹ የአኮል አያያዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 14። በድንገት 3 ኸርት ብሎ የከፈተ ደካማ እጅና ሰባት ኸርት አለው። እያንዳንዱ ጥሪ የቁጥር ወሰን ነው።

በአገራችን አውጫጭኝ የሚባል የቆየ ሥርዓት ነበረ፤ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር አገሬው ተሰብስቦ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይደረግ ነበር። እዚያ ሸንጎ ላይ የሚመዘነው የተናገረው ሰው ቃል ብቻ አልነበረም፤ መናገር የሚገባው ሰው ዝም ካለ ዝምታውም ይመዘን ነበር። ብሪጅ ውስጥ ያ ዝምታ ፓስ ይባላል። በኔ ግምት ከጨረታው ማስረጃዎች ሁሉ እጅግ የተናቀውም እጅግ የሚጠቅመውም ፓስ ነው። ሰው ጥሪን ያስታውሳል፤ ፓስን ማንም አያስታውስም።

እስቲ ካርታ አንጥፈን እንየው። አዳዩ ምሥራቅ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚናገረውም እሱ ነው። ፓስ አለ። ደቡብ 1 ስፔድ፣ ምዕራብ ፓስ፣ ሰሜን 3 ስፔድ፣ ምሥራቅ አሁንም ፓስ፣ ደቡብ 4 ስፔድ፤ ሁሉም አለፉ። እናንተ ደቡብ ናችሁ። በእጃችሁ የስፔድ አስ፣ ጃክ፣ 9፣ 6 እና 5 አለ፤ የኸርት ንግሥትና 4፤ የዳይመንድ ንጉሥ፣ 7 እና 3፤ የክለብ ንጉሥ፣ ጃክ እና 4። ዳሚው ሲዘረጋ የስፔድ ንጉሥ፣ 10፣ 7 እና 4፤ የኸርት 8፣ 6 እና 3፤ የዳይመንድ አስ፣ ንግሥት እና 5፤ የክለብ ንግሥት፣ 10 እና 2 ሆኖ ተገኘ።

ሒሳቡን እንሥራ። ከኸርት ሁለት ዙር ትሸነፋላችሁ፤ የክለብ አስ ደግሞ አንድ ይወስድባችኋል። ይኸው ሦስት ሆነ፤ ከሦስት በላይ ከተሸነፋችሁ ውሉ ፈረሰ። ስለዚህ ትራምፕ ላይ ምንም ዙር መሸነፍ የለባችሁም፤ የጎደለችው ደግሞ የስፔድ ንግሥት ናት። ከናንተ ውጭ ያሉት አራት ስፔዶች ንግሥቲቱ፣ 8፣ 3 እና 2 ናቸው። አስና ንጉሡን በተከታታይ መትታችሁ ትወድቃለች ብላችሁ ተስፋ ማድረግ ትችላላችሁ። ወይም ፊነስ ታደርጋላችሁ፤ ማለትም ንግሥቲቱን ይዟል ባላችሁት ሰው ላይ ዝቅ ያለ ካርታ አሻግራችሁ ሳይጥላት ታልፋላችሁ። አስ፣ ንጉሥ፣ ጃክና 10 በሁለቱ እጅ ስለተከፋፈሉ ፊነሱን በምሥራቅም በምዕራብም በኩል ማድረግ ይቻላል። የሚቻል መሆኑ ነው ችግሩ፤ የትኛው?

ጨረታ ያልሰማ ሰው ወደ ሠንጠረዥ ይሄዳል። አራት ካርታ ሲጎድል ሁለት ለሁለት የመከፈሉ ዕድል 40.7 በመቶ ነው፤ ሦስት ለአንድ 49.7 በመቶ፤ አራቱም ባንድ እጅ 9.6 በመቶ። ሁሉም ሲደመርና ሲቀነስ አስና ንጉሡን መምታት ከፊነስ በትንሹ ይበልጣል፤ ዘጠኝ ካርታ ካለህ ፊነስ አታድርግ የሚለው የቆየ ደንብም የመጣው ከዚህ ነው። ደንቡ ትክክል ነው፤ የተሠራው ግን ማንም ምንም ላልተናገረበት ጠረጴዛ ነው።

ወደ ጨዋታው እንመለስ። ምዕራብ የኸርት ጃክ ጣለ። ምሥራቅ በንጉሡ ወሰደ፤ አሱን አስከተለ፤ ንግሥታችሁ ወደቀች። ሦስተኛ ኸርት ሲመልስ፣ ኸርት ስላለቀባችሁ በትራምፕ፣ በስፔድ 5፣ ቆረጣችሁ። እጃችሁ አሁን ወደ ስፔድ ሊሮጥ ይፈልጋል። ቆዩ። ስፔዱ የትም አይሄድም። የክለብ አስ ያለበትን መጀመሪያ እወቁ፤ ያ ዙር ዛሬም ይሁን በኋላ መሸነፉ ስለማይቀር ወሬው የሚመጣው በነጻ ነው። (በነጻ ስል ፈጽሞ አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ትራምፕ ሳይለቀም ክለብ መጫወት አንዱ ባላጋራ አንድ ክለብ ብቻ ከያዘ ሊያስቆርጥ ይችላል። እዚህ ግን ስድስት ክለብ በናንተ ሰባት በእነሱ እጅ ነውና አደጋው ትንሽ ነው።) የክለብ 4 ወደ ዳሚው ንግሥት ጣላችሁ። ምሥራቅ በአሱ ወሰደና ዳይመንድ መለሰ፤ በንጉሣችሁ ወሰዳችሁ።

አሁን ቁጠሩ። ምሥራቅ እስካሁን ያሳየው የኸርት ንጉሥ 3፣ የኸርት አስ 4፣ የክለብ አስ 4፤ ድምሩ 11። የስፔድ ንግሥት ብትጨመርለት 13 ይሆናል። ግን ይህ ሰው አዳይ ነበር፤ ቀድሞ የመናገር ዕድሉ የሱ ሆኖ ፓስ ብሏል። በ11 ነጥብ ማለፍ ያለ ነው፤ 13 ነጥብ ከነ ሁለት አስ ይዞ የሚያልፍ ሰው ግን አላውቅም። ንግሥቲቱ ምዕራብ ዘንድ ናት። የስፔድ አስ መታችሁ፤ ሁለቱም ተከተሉ። ቀጥሎ ጃኩን ጣላችሁ፤ ምዕራብ 8 ሲጥል ከዳሚው 7 አስቀመጣችሁ። ምሥራቅ ስፔድ አልነበረውም፤ ዳይመንድ ጣለ። ምዕራብ ንግሥት፣ 8 እና 2 ይዞ ነበር፤ በሚቀጥለው ዙር ንግሥቲቱ ንጉሡ ሥር ወደቀች። ያንኑ ካርታ በሌላ ጠረጴዛ ይዞ፣ ሠንጠረዡን አምኖ አስና ንጉሥ የመታው ሰው በአንድ ዙር ወድቋል፤ "ዕድል የለኝም" እያለም ይሆናል።

የክለብ አሱ ከምዕራብ ቢወጣስ ኖሮ? ያኔ ምሥራቅ ያሳየው 7 ብቻ ነው፤ ንግሥቲቱ ብትኖረውም ባትኖረውም ያልፍ ነበር። ፓሱ ምንም አይነግራችሁም፤ ወደ መቶኛው ትመለሳላችሁ። ቁም ነገሩ ማስረጃ ሲኖር መጠቀም፣ ሳይኖር ደግሞ እንዳለ አድርጎ አለመፈልሰፍ ነው፤ ሁለተኛውን የሚረሱ ጎበዝ ተጫዋቾች አያለሁ።

እስካሁን ያየነው ነጥብ ነው። ሌላው ማስረጃ ቁመት ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ ሰው ከያንዳንዱ ዓይነት ስንት ካርታ እንዳለው። ምዕራብ 3 ኸርት ብሎ ከፈተ እንበል። ሰባት ኸርት አለው። በናንተና በዳሚው እጅ አራት ኸርት ካለ ለምሥራቅ የቀረው ሁለት ነው። አሁን አንድ የጎደለች የዳይመንድ ንግሥት ብትፈልጉ፣ ምዕራብ ከ13 ካርታው ሰባቱ በኸርት ተይዘው ስድስት ክፍት ቦታ ብቻ አለው፤ ምሥራቅ አሥራ አንድ። ንግሥቲቱ ከምሥራቅ ጋር የመሆኗ ዕድል 11 ለ6፣ ወደ 65 በመቶ ግድም ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤሚል ቦሬል ከአንድሬ ሼሮን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1940 የብሪጅን ሒሳብ የሚተነትን መጽሐፍ ያሳተመው በዋዛ አልነበረም። ለኛ ግን መጽሐፉ ሳያስፈልግ መቀነስ ይበቃናል።

65 በመቶ ደግሞ ወደ መቶ የሚያድግበት ጊዜ አለ። በዚያው እጅ ሰሜንና ደቡብ ስድስት ተመኝተው 5 ስፔድ ላይ ቆሙ። ምዕራብ የኸርት ንጉሥና አስ መትቶ ሁለት ዙር ወሰደ፤ ከዚያ ስፔድ ጣለ። የቀረውን 11 ዙር በሙሉ ማሸነፍ አለባችሁ። አሥር ስፔድ አላችሁ፤ ትራምፕ ስትለቅሙ ምዕራብ አንድ ጊዜ ተከተለ፣ ምሥራቅ ሁለት ጊዜ። ዳሚው የዳይመንድ ንጉሥ፣ ጃክ እና 4 አለው፤ እናንተ አስ፣ 10 እና 3። እዚህም ፊነሱ በሁለቱም በኩል ይሆናል፤ እዚህም ቸኩሎ ዳይመንድ የነካ ይጸጸታል። ክለብ ስድስት አላችሁ፣ ንጉሥና 8 በእጃችሁ፣ አስና ሦስት ትንንሽ በዳሚው። ንጉሡን፣ አሱን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ክለብ ቆረጣችሁ፤ ሁለቱም ባላጋራዎች ሦስቱንም ጊዜ ተከተሉ። በትራምፕ ወደ ዳሚው ተሻግራችሁ አራተኛውንም ቆረጣችሁ፤ አሁን ምሥራቅ ክለብ አለቀበት፣ ምዕራብ ግን ተከተለ።

ምዕራብ፦ ሰባት ኸርት፣ አንድ ስፔድ፣ አራት ክለብ። 12 ሆነ። አንድ ካርታ ቀረው፤ እሷም ዳይመንድ ናት። ከእጃችሁ ዳይመንድ 3 ወደ ዳሚው ንጉሥ ጣሉ። ያቺ አንዷ ካርታ ንግሥቲቱ ከሆነች እዚያው ወደቀች። ካልሆነች ደግሞ ንግሥቲቱ ከምሥራቅ ሌላ የምትሄድበት የላትም፤ ከዳሚው ጃኩን አውጥታችሁ በምሥራቅ ላይ ታልፋላችሁ። ግምት የሚባል ነገር አልቀረም። ክለቡን ሁለት ጊዜ የቆረጣችሁት ለዙሩ ብላችሁ አልነበረም፤ ቁጥሩን ለማወቅ ነው። ማይክ ሎውረንስ የባላጋራን ካርታ ስለማንበብ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ይህንን ትዕግሥት ያውቀዋል፤ ስለዚህ ጉዳይ አንድ መጽሐፍ ብቻ አንብቡ ብባል የምመርጠው እሱን ነው።

የመጀመሪያው ካርታም የጨረታው ተቀጥላ ነው። አጋሩ ኸርት ጠርቶ ሳለ ምዕራብ ኸርት ካልጣለ ወይ ኸርት የለውም፣ ወይ አሱን ይዞ ከሥሩ መጫወት አልፈለገም፣ ወይ ደግሞ የተሻለ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አስና ንጉሥ አብረው ያሉት ሰው ብዙ ጊዜ ከዚያው ይጀምራል፤ ካልጀመረ ሁለቱ ተለያይተው ተቀምጠዋል ብላችሁ ብትጠረጥሩ አትሳሳቱም።

አሁን ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ ባላጋራ ቢዋሽስ? ይዋሻል። ሆን ብሎ የሌለውን መጥራት በደንቡ የተፈቀደ ነው፤ አጋሩም አብሮ እንደናንተ እስከተታለለ ድረስ። ግን በተግባር ከውሸቱ ይልቅ የሚያሳስተው ሌላ ነው። ሁለት ሰው ካለፈ በኋላ በሦስተኛ ተራ የሚከፍት ሰው በ10 ነጥብ፣ ደፋሩማ በ9 ሊከፍት ይችላል፤ የሱን ጥሪ እንደ አዳዩ ጥሪ አትመኑት። የዛሬ ወጣቶች አዳይ ሆነውም በ11 ይከፍታሉ፤ ከነሱ ጋር ስትጫወቱ በመጀመሪያው ምሳሌያችን ያለው ፓስ የበለጠ ያጠነክረናል እንጂ አያላላንም። ስለዚህ ጠይቁ። ባላጋራዎቻችሁ በመካከላቸው የተስማሙበትን የጥሪ ትርጉም የመደበቅ መብት የላቸውም፤ ተራችሁ ሲደርስ "ይህ ጥሪ በእናንተ ዘንድ ምን ማለት ነው?" ማለት ድፍረት አይደለም፣ ሕጉ የሰጣችሁ ነው። እኛ ዘንድ መጠየቅ አለማወቅን ማሳየት ይመስለንና ብዙ ሰው ያፍራል። አትፈሩ።

ከዚህ የሚለይ አንድ ነገር የባላጋራ ማመንታት ነው። ፓስ ከማለቱ በፊት ረጅም ጊዜ አሰበ፤ ጣሪያ አየ፤ ተነፈሰ። ሕጉ ባለውሉ ከዚያ የፈለገውን እንዲገምት ይፈቅዳል፤ ቢሳሳት ኪሳራው የራሱ ነው። ያመነታው ሰው አጋር ግን ከዚያ ምንም መጠቀም አይችልም። እኔ በበኩሌ ማመንታትን ከማስረጃ መጨረሻ ነው የማስቀምጠው፤ ሰውየው ያሰበው ስለ ካርታው ይሁን ስለ ቤት ኪራዩ ማን ያውቃል። ፓሱን ግን በሒሳብ እይዘዋለሁ።

ዶክተር ዢቫጎ የተባለውን ፊልም ያያችሁ ተዋናዩን ኦማር ሻሪፍን ታስታውሱታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በብሪጅ ኦሊምፒያድ ለግብፅ ተጫውቷል። ይህን የማነሳው ጨዋታው የእንግሊዝ ሳሎን ብቻ የሚመስላቸው ስላሉ ነው። አዲስ ለመጀመር አራት ሰው፣ አንድ እሽግ ካርታና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

ሻዩ እስኪቀርብ አንድ እጅ ልተውላችሁ። ምሥራቅ 1 ያለ ትራምፕ ብሎ ከፍቷል፣ ከ15 እስከ 17። ውሉ ግን የናንተ ሆነ፤ 4 ስፔድ በደቡብ። በሁለቱ እጃችሁ 23 ነጥብ አላችሁ። ምዕራብ የመጀመሪያውን ካርታ የኸርት ጃክ ጣለ፣ እውነትም የሱ ጃክ ነው። ዳሚው የክለብ አስ፣ ንግሥት እና 5 አለው፤ እናንተ 8፣ 6 እና 2። ክለብ ወደ ንግሥቲቱ ሄዶ ፊነስ መሞከር ያምራል፤ ግን ከ40 ላይ 23 ቀንሱ፣ የቀረውን ለምሥራቅ ቢያንስ 15 ስጡ፣ ከምዕራብ ላይ ጃኩን ቁጠሩ። የክለብ ንጉሥ የማን ነው? ማን እንደያዘው ካወቃችሁ በኋላ ፊነሱ እንደማይሠራ ታያላችሁ። እንግዲህ ሌላውን ዓይነት ሁሉ ከምሥራቅ እጅ አሟጥጣችሁ መጨረሻ ላይ ዙሩን ለሱ ብትሰጡት፣ ከቀረው ካርታ የትኛውን መጣል ይኖርበታል?